ከቀዬው ለሚርቅ ገበሬ የሚስማማ የእጅ ውኃ ማጣሪያ አመራረጥ

ውኃ ለሰውም ለከብትም ለአዝመራም ሕይወት መሆኑን ለገበሬ መንገር ትርፍ ነገር ነው። ነገር ግን ውኃ ሕይወት የሚሆነው ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው። በሀገርዎ ሳሉ የሚጠጡትን ምንጭ ያውቁታል፤ ከየት እንደሚፈልቅ፣ ከብት ይገባበት እንደሆነ፣ በየትኛው ወር ደፍርሶ በየትኛው ወር እንደሚጠራ ለይተው ያውቃሉ። ከቀዬዎ ወጥተው ሲጓዙ ግን ይህ ዕውቀት አብሮዎት አይሄድም።

በየዓመቱ ብዙ ደገኛ ገበሬ ለሰሊጥ አረምና ለአጨዳ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሑመራ ይወርዳል። ሌላው ከብቱን እየነዳ ሣርና ውኃ ፍለጋ ወደ በረሃ ይዘልቃል። ሌላውም ወደ ጠበል ወይም ወደ ሩቅ ገበያ ይጓዛል። በእንዲህ ያለው ጉዞ ላይ የሚገኘው ውኃ ብዙ ጊዜ የኩሬ፣ የወንዝ፣ ወይም በበርሜል ተጭኖ የመጣና ምንጩ የማይታወቅ ውኃ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል አካባቢ ኮሌራ ተነሥቶ እንደነበረ ይታወሳል። ኮሌራ የጠናበት ሰው ካልታከመ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፈሳሹ አልቆ ሊሞት ይችላል። ታይፎይድና ሌላው ተቅማጥም ቢሆኑ ሠራተኛውን ከሥራ ላይ ያስተኛሉ፤ ለዘርና ለማዳበሪያ ይሆናል ተብሎ የታሰበውን ገንዘብም ለመድኃኒት ያስወጣሉ።

በዛሬው ጊዜ በኪስ ወይም በአገልግል የሚያዙ ልዩ ልዩ የውኃ ማጣሪያዎች በከተማ ይሸጣሉ። በውጭ ሀገር የሚኖሩ ዘመዶችም ይልካሉ፤ የእርዳታ ድርጅቶችም አንዳንድ ጊዜ ያድላሉ። ሁሉም በማሸጊያቸው ላይ እንከን የሌላቸው መስለው ይታያሉ። ነገር ግን አንዱ የሚከለክለውን ሌላው ያሳልፋል፤ ለአንድ መንገደኛ የሚበቃው ለስምንት ሠራተኞች አይበቃም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማጣሪያ ከመግዛትዎ ወይም በተሰጠዎት ከመጠቀምዎ በፊት ምን መመልከት እንዳለብዎት ማስረዳት ነው።

1. በውኃ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ማጣሪያ ማለት ወንፊት ማለት ነው። የጤፍ ወንፊት ስንዴ አያሳልፍም፤ የስንዴ ወንፊት ግን ጤፉን ሁሉ ያፈሰዋል። ስለዚህ ማጣሪያን ለመምረጥ አስቀድሞ በውኃው ውስጥ ያለውን ነገር መጠን ማወቅ ያስፈልጋል።

መጠኑ የሚለካው ማይክሮን በሚባል መለኪያ ነው። 1 ማይክሮን የ1 ሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። አንዲት የጤፍ ፍሬ በወርዷ ወደ 1 ሚሊሜትር ትጠጋለች። እንግዲህ 1 ማይክሮን የሚያህሉ ተሐዋስያን ጎን ለጎን ቢሰለፉ የአንዲቱን ጤፍ ወርድ ለመሙላት 1,000 ያህል ያስፈልጋሉ። በዓይን የጠራ የመሰለ ውኃ በሽታ ሊይዝ የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሀ/ ትላልቆቹ። ጭቃ፣ ገለባ፣ አልቅትና የውኃ ቁንጫ በዚህ ክፍል ይገባሉ። አልቅት በሰውም በከብትም አፍና አፍንጫ ገብቶ እንደሚጣበቅና ደም እንደሚመጥ ያውቃሉ። የውኃ ቁንጫ ግን ወደ 1 ሚሊሜትር የምታህል፣ አስተውለው ካላዩዋት የማትታይ ፍጥረት ናት። በሀገራችን በጋምቤላ የታወቀውን የጊኒ ትል በሽታ ወደ ሰው የምታስገባው እርሷ ናት፤ የትሉ እጭ በሆዷ አለና።

ለ/ ጥገኛ ተውሳኮች። ጃርዲያ፣ አሜባና ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባሉት ናቸው። ከ4 እስከ 20 ማይክሮን ይደርሳሉ። ክሪፕቶስፖሪዲየም ጠንካራ ሽፋን ስላለው በክሎሪን በቀላሉ አይሞትም፤ በደቃቅ ማጣሪያ ግን ይያዛል።

ሐ/ ባክቴሪያዎች። ኮሌራን፣ ታይፎይድንና ደም የቀላቀለ ተቅማጥን የሚያመጡ ባክቴሪያዎች አሉ። ወርዳቸው ብዙ ጊዜ ከግማሽ እስከ 1 ማይክሮን፣ ርዝመታቸው ጥቂት ማይክሮን ነው። ቀዳዳው 0.2 ማይክሮን ወይም ከዚያ በታች የሆነ ማጣሪያ ይይዛቸዋል።

መ/ ቫይረሶች። ጉበትን የሚጎዳው ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ፣ ሕፃናትን የሚያስቀምጠው ሮታ ቫይረስ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። መጠናቸው ከ0.02 እስከ 0.1 ማይክሮን ያህል ስለሆነ አብዛኛውን የኪስ ማጣሪያ ሰንጥቀው ያልፋሉ።

ቫይረስ በማጣሪያ ውስጥ የሚያልፍ መሆኑ የታወቀው በእርሻ ሥራ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ሻምበርላን የተባለ የፓስተር ረዳት ባክቴሪያን የሚይዝ የሸክላ ማጣሪያ በፓሪስ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1892 ኢቫኖቭስኪ የተባለ የሩስያ ተመራማሪ ቅጠሉ ዥንጉርጉር ሆኖ ከታመመ ትንባሆ ጭማቂ ወስዶ በዚህ ማጣሪያ አሳለፈው። የጠራው ጭማቂ ጤነኛውን ትንባሆ እንደገና አሳመመው። ከባክቴሪያ ያነሰ በሽታ አምጪ መኖሩ በዚህ ተገለጠ። ትንባሆውን ያሳመመው ነገር በሸክላው እንዳለፈ ሁሉ፣ የሰው ቫይረስም ዛሬ በሚሸጠው ተራ ማጣሪያ ሊያልፍ እንደሚችል አይርሱ።

2. የማጣሪያ ዓይነቶች

የጨርቅ ማጣሪያ። በጥብቅ የተሠራ የጥጥ ጨርቅ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ታጥፎ በእንስራ አፍ ላይ ቢታሰር ጭቃን፣ አልቅትንና የውኃ ቁንጫን ያስቀራል። በባንግላዴሽ ሴቶች የሚለብሱት አሮጌ ሳሪ ታጥፎ ውኃ ሲጣራበት ኮሌራን በግማሽ ገደማ እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት ተገልጧል። ይህም የሆነው የኮሌራ ባክቴሪያ በጥቃቅን የውኃ ፍጥረታት ላይ ተጣብቆ ስለሚኖርና እነርሱ በጨርቁ ሲያዙ አብሮ ስለሚያዝ ነው። ይሁን እንጂ ግማሽ ማለት ሙሉ ማለት አይደለም፤ በውኃው ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚዋኘው ባክቴሪያ በጨርቅ ውስጥ ያልፋል። ጨርቅ የመጀመሪያ ወንፊት እንጂ የመጨረሻ አይደለም። በየቀኑ ታጥቦ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፤ አንድ ጊዜ ያጣራንበትን ገጽም መገልበጥ አይገባም።

የመምጠጫ ቱቦ። በአንገት የሚንጠለጠል፣ አንዱን ጫፍ ውኃ ውስጥ ነክሮ በሌላው ጫፍ የሚመጠጥ ነው። የዚህ መሣሪያ አባት ለጊኒ ትል መከላከያ ለእረኞችና ለመንገደኞች የታደለው፣ በጫፉ ወንፊት ያለበት ቀላል ቱቦ ነው። ያ ቱቦ የውኃ ቁንጫን ብቻ ይከለክላል፤ ባክቴሪያን አይከለክልም። በዛሬው ጊዜ ላይፍስትሮው በሚል ስም የታወቀው ቱቦ ግን በውስጡ ደቃቅ ክሮች ስላሉት ባክቴሪያንና ጥገኛ ተውሳክን ይይዛል። ሁለቱ በመልክ ስለሚመሳሰሉ እንዳይሳሳቱ ይጠንቀቁ። የመምጠጫ ቱቦ ቀላልና ርካሽ ነው። ጉድለቱ ውኃው አጠገብ ሄደው ካልጠጡ በቀር ለቤት፣ ለወጥ ወይም ለታመመ ጓደኛ የሚሆን ውኃ አለማጠራቀሙ ነው።

የሚጨመቅ ከረጢት። ለስላሳ ከረጢት ውኃ ተሞልቶ በአፉ ላይ ማጣሪያው ይጠመዳል፤ ከረጢቱ ሲጨመቅ ንጹሑ ውኃ ወደ ኮዳ ይወርዳል። በውስጡ ያሉት ክሮች እንደ ገለባ መካከላቸው ባዶ ሲሆን ግድግዳቸው 0.1 ማይክሮን ያህል ቀዳዳዎች አሉት። ውኃው በግድግዳው ሰርጎ ወደ ባዶው መካከል ይገባል፤ ባክቴሪያው በውጭ ይቀራል። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ጉዞ ከሁሉ የሚስማማው ይህ ነው። ከረጢቱ ግን በእሾህ ይበሳል፤ አብዝተው ቢጨምቁትም ይተረተራል።

በእጅ የሚገፋ ፓምፕ። ብዙዎቹ በውስጣቸው ሸክላ አላቸው። ሸክላው ሲደፈን ውጪው በጥቂቱ ተፍቆ እንደገና ስለሚሠራ ለደፍራሳ ውኃ ይመረጣል። ጉድለቱ ክብደቱና ዋጋው ነው፤ ከእጅ ወድቆም ከተሰነጠቀ ውኃው በስንጥቁ ሳይጣራ ያልፋል።

የሚሰቀል ማጣሪያ። የውኃው ዕቃ በዛፍ ወይም በጎጆ ምሰሶ ላይ ይሰቀልና ውኃው በራሱ ክብደት በቱቦ ወርዶ ይጣራል። ሰው ሳይደክም ሌሊቱን ይሠራል። ከነዚህ አንዳንዶቹ ቀዳዳቸው 0.02 ማይክሮን ስለሆነ ቫይረስንም ይይዛሉ። አብረው ለሚሠሩና አብረው ለሚበሉ ሰዎች ከዚህ የሚሻል የለም።

የከሰል ማጣሪያ። ለዚህ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ ከሰል የውኃውን ሽታና ጣዕም ያሻሽላል፤ አንዳንድ ኬሚካሎችንም ይቀንሳል። ተሐዋስያንን ግን አይከለክልም። ከሰል ብቻ ያለበትን ማጣሪያ ለመንገድ ውኃ አይግዙ። ጣዕሙ ስላማረ ውኃው ነጻ ሆኗል ማለት አይደለም።

3. ማጣሪያ የማይችላቸው ነገሮች

በውኃ ውስጥ የሟሟ ነገር እንደ ጨውና እንደ ስኳር ከውኃው ጋር አንድ ስለሚሆን በወንፊት አይለይም። ስለዚህ የሚከተሉትን ይወቁ።

አንደኛ፥ የፀረ ተባይና የፀረ አረም መድኃኒት። ከተረጨ ማሳ በታች ያለን ኩሬ፣ ረጪ መሣሪያ የሚታጠብበትን ወንዝ በማንኛውም ማጣሪያ አጣርተው አይጠጡ። መድኃኒት የነበረበት ጀሪካንም ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ ውኃ መያዣ አይሆንም፤ በስቶ ከጥቅም ውጭ ማድረግ ይገባል። በትልልቅ የሰሊጥ እርሻዎች ላይ ይህ ጥንቃቄ ከማጣሪያው ምርጫ ይቀድማል።

ሁለተኛ፥ ፍሎራይድ። በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ የጉድጓድ ውኃዎች ጥርስን የሚያበልዝ፣ ከዓመታት በኋላም አጥንትን የሚጎዳ ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል። የዓለም የጤና ድርጅት ያወጣው ወሰን በ1 ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የኪስ ማጣሪያ ፍሎራይድን አይቀንስም፤ ማፍላትም ውኃው በተነነ መጠን ያበዛዋል እንጂ አያጠፋውም። ለአጭር ጉዞ ብዙ አያሰጋም፤ ኑሮው በዚያ የሆነ ሰው ግን ሌላ ምንጭ ወይም የዝናብ ውኃ መፈለግ አለበት።

ሦስተኛ፥ ብልሃርዝያ። ይህ በሽታ የሚገባው ይልቁንም በቆዳ ነው። ኩሬ ውስጥ እስከ ጉልበትዎ ገብተው ውኃ ቀድተው በጥሩ ማጣሪያ ቢያጣሩት የጠጡት አይጎዳዎትም፤ የቆሙበት ግን ይጎዳዎታል። ከዳር ሆነው በረጅም ገመድ ወይም እጀታ ይቅዱ። በሽታውን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንዶድ እንደሚገድለው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ መርምረው ማግኘታቸው የሚታወቅ ነው።

4. ከመግዛትዎ በፊት የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

1ኛ/ ቀዳዳው ስንት ማይክሮን ነው? በማሸጊያው ላይ ቁጥሩ ካልተጻፈ አይግዙት። 0.2 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ለባክቴሪያና ለጥገኛ ተውሳክ ይበቃል። ለቫይረስ 0.02 ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተገኘ ከተጣራ በኋላ ክሎሪን ይጨመራል። «አብዛኛውን ይይዛል» የሚል ጽሑፍና «ከዚህ የሚበልጥ ምንም አያልፍም» የሚል ጽሑፍ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛውን ይምረጡ።

2ኛ/ ስንት ሊትር ያጣራል? በቆላ ሐሩር የሚሠራ ሰው ለመጠጥ ብቻ በቀን 5 ሊትር ያህል ይፈልጋል ብለን እናስብ። አንድ ሰው በ45 ቀን 225 ሊትር፣ ስምንት ሰዎች 1,800 ሊትር ይጠጣሉ ማለት ነው። ማጣሪያው 1,000 ሊትር ብቻ የሚያገለግል ከሆነ ለአንዱ ሰው ይተርፋል፤ ለስምንቱ ግን ሥራው ሳያልቅ ያልቃል። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ለጠራ ውኃ መሆኑንም ያስታውሱ፤ ደፍራሳ ውኃ ከዚያ በፊት ይደፍነዋል።

3ኛ/ በስንት ጊዜ ያጣራል? ስምንቱ ሰዎች በቀን 40 ሊትር ይፈልጋሉ። 1 ሊትር ለማጣራት 2 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ አንድ ሰው 80 ደቂቃ ሲጨምቅ ይውላል። ከሥራ ደክሞ የመጣ ሰው ይህን ለሦስት ቀን ያደርገዋል፤ በአራተኛው ቀን ከኩሬው ይጠጣል። የሚሰቀለው ማጣሪያ በ1 ሰዓት 10 ሊትር ቢያወርድ እንኳ 40ውን ሊትር በ4 ሰዓት ውስጥ ያለ ሰው ድካም ያዘጋጃል።

4ኛ/ እንዴት ይታጠባል? በመንገድ ላይ፣ በጨለማ፣ ያለ ልዩ መሣሪያ ሊታጠብ የማይችል ማጣሪያ ለገበሬ አይሆንም። ሻጩ ፈትቶ፣ አጥቦና ገጥሞ ያሳይዎ፤ ከዚያም እርስዎ ራስዎ በፊቱ ይሞክሩት።

5ኛ/ መለዋወጫ አለው? ከረጢቱ ቢቀደድ ወይም የላስቲክ ቀለበቱ ቢጠፋ በተራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ የሚገጠም ከሆነ ይመረጣል።

6ኛ/ ዋጋው በሊትር ሲታሰብ ስንት ነው? አንዱ 1,000 ሊትር፣ ሌላው በእጥፍ ዋጋ 4,000 ሊትር የሚያጣራ ቢሆን፣ ሁለተኛው በሊትር ሲታሰብ ዋጋው ግማሽ ነው። ስምንት ሠራተኞች እየተዋጡ አንድ ጥሩ የሚሰቀል ማጣሪያ ቢገዙ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ደካማውን ከሚገዛ ይሻላል።

5. አጠቃቀምና አያያዝ

ደፍራሳን ውኃ በቀጥታ ወደ ማጣሪያ አይጨምሩ። በጀሪካን ቀድተው ሌሊቱን ያስተኙት፤ ጠዋት አተላውን ሳያነቃንቁ ከላይ ያለውን በታጠፈ ጨርቅ ያሳልፉት። በጣም ከደፈረሰ የሞሪንጋ ፍሬ ይረዳል። ቅርፊቱ የተላጠ ደረቅ ፍሬ ለ1 ሊትር ውኃ 1 ወይም 2 ወቅጠው በጥቂት ውኃ ይበጥብጡ፤ ወደ ውኃው ጨምረው ለ1 ደቂቃ በፍጥነት፣ ለ10 ደቂቃ በዝግታ ያማስሉ፤ ከዚያ 1 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ያስቀምጡት። ጭቃው ተያይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ውኃውን ያጠራዋል እንጂ አያነጻውም፤ ማጣራቱ ወይም ማፍላቱ አይቀርም። ለሁለተኛው ቀንም አይደር፤ የፍሬው ቅሪት ያሸተዋልና።

ያልተጣራ ውኃ የነካው ዕቃና የተጣራ ውኃ የሚገባበት ዕቃ ፈጽሞ አይቀላቀሉ። ጀሪካኖቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ በአንዱ እጀታ ላይ ቀይ ክር ይሰሩ። ብዙ ሰው ጥሩ ማጣሪያ ይዞ የሚታመመው በቆሸሸ ኩባያ ወይም ባልታጠበ እጅ ነው።

የክር ማጣሪያ ፍሰቱ ሲቀንስ ንጹሕ ውኃን በተቃራኒው አቅጣጫ በኃይል በመግፋት ይታጠባል። ለዚህ የሚሆነው ስሪንጅ ብዙ ጊዜ አብሮ ይሸጣል። ፍሰቱ እስኪቆም አይጠብቁ፤ በየማታው ይጠቡት። የሚታጠበውም በተጣራ ውኃ ብቻ ነው።

ደገኛ ሆነው ማጣሪያውን ወደ ቤትዎ ሲመልሱ ከውርጭ ይጠብቁት። እርጥብ የክር ማጣሪያ ውስጡ ያለው ውኃ ከረጋ ክሮቹ ይሰነጠቃሉ፤ በውጭ ግን ምንም ምልክት አይታይም። በውርጭ ሌሊት ልብስዎ ውስጥ ጠቅልለው ከራስዎ ጋር ያሳድሩት። ውርጭ መትቶታል ብለው ከተጠራጠሩ አይጠቀሙበት። በደንብ የረጠበ ጤነኛ የክር ማጣሪያ አየር እንደ ልብ አያሳልፍም፤ ሲነፋበት አየሩ ያለ ችግር የሚወጣ ከሆነ ተሰብሯል ማለት ነው። አየር አለማለፉ ብቻውን ግን ፍጹም ጤነኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም።

የሥራው ወቅት ሲያልቅ አጥበው፣ አምራቹ በጻፈው መጠን ክሎሪን ባለው ውኃ አሳልፈው፣ በጥላ አድርቀው ያስቀምጡት። እርጥብ እንዳለ በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ሻጋታ ያፈራል።

6. ማጣሪያ በሌለ ጊዜ

ማጣሪያ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ሌሎች መንገዶች አሉ።

ማፍላት። ከሁሉ የታመነው ነው፤ ቫይረስንም ይገድላል። ውኃው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ በቆላ 1 ደቂቃ ይበቃል። ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ውኃው ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ይሁን። ችግሩ ማገዶ ነው፤ በሦስት ጉልቻ 1 ሊትር ውኃ ለማፍላት እስከ 1 ኪሎ እንጨት ይፈጃል ተብሎ ይገመታል።

ክሎሪን። ውኃ አጋር የሚባለው ፈሳሽና በእንክብል የሚሸጡት መድኃኒቶች በሀገራችን የታወቁ ናቸው። መጠኑን ከመለያው ላይ ያንብቡ። ለ20 ሊትር የተሠራ እንክብል በ1 ሊትር ኮዳ ውስጥ አይጨመርም። ከጨመሩ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ኃይሉ ያልተጻፈበትን የልብስ በረኪና ለመጠጥ ውኃ አይጠቀሙ።

ፀሐይ። ቀለም የሌለው፣ ከ2 ሊትር የማይበልጥ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጠራ ውኃ ሞልተው በፀሐይ ላይ አጋድመው ያስቀምጡ። ፀሐይ በሆነ ቀን 6 ሰዓት፣ ደመና በበዛበት 2 ሙሉ ቀን ያስፈልገዋል። በደፍራሳ ውኃ ይህ መንገድ አይሠራም፤ ብርሃኑ ወደ ውስጥ አይገባምና።

ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎም ተቅማጥ የያዘው ጓደኛ ቢኖር ፈሳሹን ለመተካት አይዘግዩ። ከጤና ኬላ የሚሰጠው የንጥረ ነገር ዱቄት ካልተገኘ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው ጥቂት ጥቂት እያሉ ያጠጡት። ጨው አይብዛ። ተቅማጡ እንደ ሩዝ ውኃ ነጭ ሆኖ ያለማቋረጥ የሚወርድ ከሆነ እያጠጡ ፈጥነው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት፤ ነገ ይሻለዋል ብሎ ማደር ሕይወት ያሳጣል።

ማጠቃለያ

ብቻዎን ወይም ሁለት ሆነው የሚጓዙ ከሆነ የሚጨመቀውን የክር ማጣሪያ ይምረጡ። እረኛ ሆነው ከኩሬ ወደ ኩሬ የሚሄዱ ከሆነ የመምጠጫ ቱቦ በአንገትዎ ይኑር፤ ባክቴሪያን የሚይዝ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። በቡድን ለሥራ የሚወርዱ ከሆነ ገንዘብ አዋጥተው የሚሰቀለውን ይግዙ፤ የሚያጥበውንም ሰው በየሳምንቱ በተራ ይመድቡ። የትኛውንም ቢይዙ የታጠፈ ንጹሕ ጨርቅና ጥቂት የክሎሪን እንክብል ከአገልግልዎ አይለዩ፤ አንደኛው ማጣሪያዎን ከመደፈን፣ ሁለተኛው እርስዎን ከቫይረስ ይጠብቃል።

ገበሬ ለዘሩ ንጽሕና ይጠነቀቃል፤ እንክርዳድ የተቀላቀለበትን ዘር ለማሳው አይሰጥም። ለሚጠጣው ውኃም ይህንኑ ጥንቃቄ ቢያደርግ ለሥራ የወረደው በጤና ሠርቶ፣ ያገኘውን ይዞ፣ ለቀጣዩ እርሻ ወደ ቤቱ ይመለሳል።